ለሚያለቅስ ገዥ የተጻፈ ምክር

ረጀብ 4

ልዑል ሁሻንግ አስጠርቶ የምክር መጽሐፍ እንድጽፍ አዘዘኝ። ጉልሻናባድን ሊገዛ ከመጣ ወዲህ ምክር ይወዳል። እንደ ሌሎቹ ልዑላን አደን ወይም ፈረስ ቢወድ ለእኔም ለአገሩም በቀለለ ነበር። መጽሐፉ ገዥ እንዴት ፍትሕ እንደሚሰጥ፣ ለድሃ እንዴት እንደሚራራ፣ አጎብዳጅን በምን እንደሚለይ በግጥም ይናገራል። በኖውሩዝ፣ አዲሱ ዓመት ሲገባ፣ በሕዝብ ፊት ይነበባል፤ ከዚያ ለንጉሠ ነገሥቱ ለሻሁ እጅ መንሻ ሆኖ ይላካል። ሻሁ አይቶ «እንዲህ ያለ ምክር የሚሰማ ሰው ሰፋ ያለ አገር ይገባዋል» እንዲል ነው።

ግጥሙም ጽሕፈቱም የእኔ ነው። የግቢው ገጣሚ ባለፈው በጋ ሐብሐብ አብዝቶ ሞቷል።

«ሳትፈራ ምከረኝ፣ ሚርዛ» አለኝ ልዑሉ። «እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ምክር ነው የምፈልገው።»

«የቆረጠ እንደሆነስ፣ ልዑልነትዎ?»

«ደም እስካልወጣ ድረስ» አለ አማካሪው አቃ ባቂር። እሱ ሁልጊዜ ከልዑሉ ጀርባ ቆሞ የልዑሉን ንግግር ይጨርሳል።

ሌላ። ከሰዓት በኋላ በግቢው በር አንድ ሰው ሲጮህ ተያዘ። ልዑሉ ለአዲሱ ኩሬው ሲል ዴህኖው የተባለውን መንደር ውሃ ጠልፏል። ውሃው የመንደርተኛው አያቶች ከተራራው ሥር በምድር ውስጥ ቆፍረው ያመጡት ነው። ሰውየው «ውሃችንን ለዳክዬ ሰጣችሁት!» ይል ነበር። አቃ ባቂር «ታውቀዋለህ?» ሲለኝ «በሩቁ» አልኩ።

ስሙ ኢስፋንዲያር ነው። የሚስቴ ወንድም ነው። ባለፈው ሐሙስ እኛ ቤት ሁለት ሳህን ሾርባ ጠጥቶ ጨው አንሶታል ብሏል።

ረጀብ 6

ሚስቴ ጎውሀር ትናንት ቀኑን ሙሉ ዕቃ ስታንኳኳ ዋለች። ዛሬ በቃል ጀመረች።

«ልዑሉ ምክር ይወዳል አላልክም?»

«ይወዳል።»

«እና ምከረዋ! ውሃውን መልስ፣ ሰውየውን ፍታ በለው።»

ለገዥ እንዲህ ተብሎ እንደማይነገር አስረዳኋት። ምክር ልብስ ያስፈልገዋል። ከጥንት አንድ ክፉ ንጉሥ ይፈለጋል፤ አገሩ ራቅ ይላል፤ ሩም ቢሆን ይመረጣል። ንጉሡ ይበድላል፣ ይቀጣል፤ አድማጩ ገዥ ራሱን ያይና ይደነግጣል። ከአባቶቻችን የወረስነው ጥበብ ነው። ረጅም ማብራሪያ ነበር፤ አንድ ሁለት ጥሩ ነገርም ያልኩ ይመስለኛል።

«ወንድሜ የታሰረው ሩም ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሴቶች የምሳሌን ጥበብ አይረዱም ብዬ ልጽፍ ነበር። ተውኩት። ደብተሩ የተቀመጠበትን ታውቃለች።

ረጀብ 11

የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዛሬ ለልዑሉ አነበብኩለት። የመንደር ምንጭ ስለዘጋ የሩም ንጉሥ ነው፦

ውኃ ያሰረ ንጉሥ ጥም ይወርሰዋል፤
የሰው ጕሮሮ ዘግቶ በምን ይውጠዋል?

ልዑሉ አለቀሰ። ዓይኑ እርጥብ ሆነ ማለቴ አይደለም፤ አለቀሰ፤ ትከሻው እስኪነቃነቅ፣ ጢሙ እስኪንጠባጠብ። ገጹን ከእጄ ወስዶ ደረቱ ላይ ለጠፈው። እኔ ልቤ ዘለለ። በቃ፣ ራሱን አየ አልኩ።

«ማን ነው ይሄ አረመኔ?» አለ ንፍጡን እየሳበ።

«የጥንት ንጉሥ ናቸው፣ ልዑልነትዎ። የሩም።»

«ከእኛ ዘር አይደለማ?»

«አይደሉም።»

«ተመስገን!» አለና እንደገና አለቀሰ፤ ይህኛው የደስታ ነበር።

ገጹን ሲመልስልኝ የቀረ ፊደል የለም። ወረቀታችን በሩዝ ሙቅና በእንቁላል ነጭ ተቀብቶ በድንጋይ የተወለወለ ስለሆነ ቀለሙ ከላይ ነው የሚተኛው። የተሳሳተ ፊደል በምላስ ጫፍ ይነሣል፤ ሙያተኛ በዚህ ነው የሚኮራው። የተወለወለ ወረቀት የሠራ ሰው ግን እንዲህ የሚያለቅስ ገዥ አላሰበም።

ረጀብ 12

የውሃውን ገጽ እንደገና ጻፍኩ።

ረጀብ 13

አስጠርቶ ያንኑ ገጽ አስነበበኝ። አለቀሰ። እንደገና ልጽፍ ነው።

ረጀብ 14

እንደገና።

ረጀብ 17

መፍትሔ ተገኘ። አቃ ባቂር የእኅቱን ልጅ የእንባ ሹም አድርጎ አሾመ። ሥራው በንባብ ጊዜ ከልዑሉ አጠገብ ተንበርክኮ እንባው ወረቀቱ ላይ ሳይደርስ በብልቃጥ መቀበል ነው። የሐር መታጠቂያ ተሰጥቶታል። ብልቃጦቹ በሰም ታሽገው ከመጽሐፉ ጋር ለሻሁ ይላካሉ፤ ልዑሉ ምክሩን መስማቱን ማስረጃ ይሆናሉ።

«ሻሁ የማን እንባ እንደሆነ በምን ያውቃሉ?» ብዬ ጠየቅሁ።

አቃ ባቂር ካሰበ በኋላ «ማኅተም እናደርግበታለን» አለ።

ለጎውሀር ነገሩን ሳጫውታት ትስቃለች ብዬ ነበር። «ዴህኖው ሄጄ ነበር» አለች። «ሴቶቹ ከወንዝ ማዶ በአህያ ነው የሚቀዱት። በብልቃጥ ቢልኩላቸው ጥሩ ነበር።»

ረጀብ 20

ልዑሉ የውሃውን ስንኝ እጅግ ስለወደደው እስረኞችም እንዲጠቀሙበት በእስር ቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ እንድጽፈው አዘዘ። ሄድኩ። ወህኒ አዛዡ ሻህቨርዲ በሩን ከፈተልኝ። ደግ ሰው ነው፤ የሚከብደው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያልታዘዘውን ማድረግ። የታዘዘውን ደግሞ ቃል በቃል ነው የሚፈጽመው። አንድ ጊዜ «እስረኛውን ዓይንህ እንዳይለየው» ተብሎ አብሮት ተኝቷል ይባላል።

ኢስፋንዲያር ከግድግዳው ሥር ተቀምጧል። ውስጥ እግሩ በግርፋት ስላበጠ በጨርቅ ጠቅልሎታል። መሰላሌን ሲያይ ሳቀ።

«ምን ልትጽፍልን ነው?»

«ለነገሥታት የሚሆን ምክር።»

«ጥሩ! እዚህ የጠፋው እሱ ነበር። የትኛችን ነን ንጉሡ? ያ ጥግ ላይ ያለው ሌባ ይሆን? ቅማሉ ብዙ ነው፤ ሠራዊት አለው።»

ሌባው ከተቀመጠበት እጅ ነሣ።

«ቀስ በል» አልኩት በሹክሹክታ። «በምሳሌ እየሠራሁበት ነው።»

«ምሳሌው መቼ ይደርሳል?»

ሻህቨርዲ ጆሮውን አቀና። «ሚርዛ፣ ከዚህ ሰው ጋር ይተዋወቃሉ እንዴ? ዘመድ ከሆነ መነጋገር ክልክል ነው፤ ስለዚያ ነው።»

«በሩቁ» አልኩ።

«እውነቱን ነው» አለ ኢስፋንዲያር። «በሩቁ ነው የሚያውቀኝ። ክፍሉ ጠበበና ተጠጋን እንጂ።»

ከመሰላሉ ላይ ሆኜ ጻፍኩ። ግድግዳው ሻካራ ቢሆንም ጽሕፈቱ ቆንጆ ወጣ፤ በተለይ የሁለተኛው መስመር ኩርባዎች። ስወርድ ኢስፋንዲያር ፊቱን ወደ ሌላው ግድግዳ አዙሮ ነበር።

ከዘመድ ጋር መነጋገር ክልክል ስለሆነ ነው እንደዚያ ያልኩት። ያለዚያ አባርረውኝ ስንኙም ሳይጻፍ ይቀር ነበር።

ረጀብ 27

ሩም ሩቅ ነው ብዬ ቀረብ አደረግሁት። አዲሱን ንጉሥ የፋርስ ሰው አደረግሁት፤ ኩሬ ሰጠሁት፤ ኩሬው ላይ ዳክዬዎች አስቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ድፍረት በዕድሜዬ አላደረግሁም።

አቃ ባቂር ቀድሞ አየው። «ዳክዬዎቹ ምን ይሠራሉ?»

«ይዋኛሉ።»

«ይውጡ። ንጉሡም ይውጣ። አንበሳ አድርገው።»

አደረግሁት። አንበሳው ምንጩን ይዘጋል፤ አጋዘኖቹ ይጠማሉ፤ በመጨረሻ አንበሳውም ብቻውን ቀርቶ በረሃብ ይሞታል። ልዑሉ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ የእንባ ሹሙ ሁለተኛ ብልቃጥ አነሣ። ከዚያ ልዑሉ ተነሥቶ ትእዛዝ ሰጠ። ልቤ እንደገና ዘለለ፤ ልቤ ካለፈው አልተማረም።

ትእዛዙ ይህ ነው፦ በግቢው ታስሮ የሚኖረው ጥርስ አልባ አሮጌ አንበሳ ውሃው በእጥፍ ይጨመርለት። የሚጨመረውም ከዴህኖው ውሃ ነው። የቀረችው ጥቂት ጠብታ ነበረች፤ እሷም ሄደች።

ለጎውሀር አልነገርኳትም። ማታ ራሷ ነገረችኝ።

ሻዕባን 3

መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ በእንፋሎቱ መሐል ፊታቸው የማይታይ ሁለት ሰዎች፦

«እንዲህ ለድሃ የሚያለቅስ ገዥ አይተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላየሁም።»

«ያለፈውስ?»

«ያለፈው ድንጋይ ነበር። አንድ ቀን አላለቀሰም። ውሃችንንም አልነካም።»

«እንግዲህ ሁሉንም አንድ ላይ አይሰጥም።»

ሻዕባን 9

በጥድፊያ። ወርቅ ቀቢው ዘገየ። ሁለት መቃ ብዕር ተሰበረብኝ። ሻህቨርዲ መንገድ ላይ አግኝቶ ነገረኝ፦ በኖውሩዝ ያልተፈታ እስረኛ በማግስቱ በሰንሰለት ወደ ዋናው ከተማ ይነዳል። ከዚያ ተመልሶ ያየው ሰው አለ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «እንዲመለሱ አልታዘዘም» አለኝ።

ሻዕባን 14

ጎውሀር ስንዴ አብቅላለች፤ ለበዓሉ ገበታ በሳህን ላይ። ውሃ ስትረጭበት በጣቶቿ ጫፍ ነው፤ አንድ ጠብታ መሬት አይነካም። ከፍሙ በላይ ባለው አጭር ጠረጴዛ ላይ በተጣለው ብርድ ልብስ ሥር እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። ቀና ሳትል እንዲህ አለች፦

«ያለ ሩም። ያለ አንበሳ። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ።»

«ያለ ግጥም ለገዥ ነገር አይቀርብም።»

«ለምን?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ሃያ ዓመት ሠርቼበታለሁ። ምክር መራራ ነው፤ ግጥም ማር ነው፤ ገዥ ሕፃን ነው፤ መድኃኒቱን በማር ለውሰህ ታጎርሰዋለህ። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት ልዑሉ ትዝ አለኝ፤ ማሩን ልሶ ሲጨርስ፣ ማንኪያውን ሲመልስልኝ፣ ጨምር ሲለኝ። መቃ አነሣሁና መቅረጽ ጀመርኩ። መቃው አስቀድሞ የተቀረጸ ነበር።

ጽሕፈቴን ያመሰገኑኝ ብዙ ናቸው። አንድ ሰው እንኳ «እንዳልከው አደረግሁ» ብሎኝ አያውቅም። እስከ ዛሬ ይህ ጎድሎ አልታየኝም ነበር። የጽሕፈቱ ነገር በደንብ ስለሚመሰገን ይሆናል።

የሚገርመው ደግሞ ኢስፋንዲያርን ብዙም አልወደውም። ሲበላ ይጮኻል፤ ቼዝ ሲሸነፍ ሰሌዳውን ይገለብጣል፤ እኔን «አማቻችን ባለ ኩርባው» ይለኛል። ይህን የምጽፈው ራሴን ለማጽናናት ከሆነ አልሠራም።

ሻዕባን 22

መጽሐፉ አለቀ። ተጠርዟል። ልዑሉ ገልጦ ሳያነብ አለቀሰ፤ ልምድ ሆኖበታል። ብልቃጦቹ በጥጥ ተጠቅልለው በሳጥን ተደርድረዋል። ሁለቱ ተነው ባዶ ሆነው ቢገኙ የእንባ ሹሙ በጨው ውሃ ሞላቸው። እኔ ሳየው ግንባሩን አኮማተረና «ያው ነው፣ ሚርዛ» አለኝ። ማኅተሙ የልዑሉ ነው።

የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ስንኝ ጨምሬያለሁ። አቃ ባቂር አንብቦ አሳለፈው፤ አንበሳም ዳክዬም ስለሌለበት፦

በአዲስ ዓመት ፀሐይ እስር ቤትህን ክፈት፤
እውነት የነገረህ እንዳያድር በሰንሰለት።

ይህ ካልሠራ ሌላ የለኝም።

ሻዕባን 26፣ የኖውሩዝ ዕለት

እንደ ሆነው በተራ ላስቀምጠው።

አደባባዩ ሞልቷል። ሹማምንት፣ የሃይማኖት አዋቂዎች፣ የገበያው አለቆች፣ ከኋላ ሕዝቡ። ጎውሀር ከሴቶቹ መሐል አለች፤ በመከናነቢያዋ ሥር አላያትም፤ እንደምታየኝ ግን አውቃለሁ። አነበብኩ። ልዑሉ አለቀሰ፤ ሹማምንቱም ከእሱ ላለመቅደምም ላለመዘግየትም እየተጠባበቁ አለቀሱ። የመጨረሻውን ስንኝ አነበብኩ።

ልዑሉ እጁን አነሣ።

«ሻህቨርዲ! ከእስረኞቼ መሐል እውነት የነገረኝ ሰው አለ? አሁኑኑ እፈታዋለሁ!»

ሻህቨርዲ ወደፊት ወጥቶ ሰገደ። «የለም፣ ልዑልነትዎ። ሁሉም ‹ጥፋት የለብኝም› ነው የሚሉት። ጥፋት ባይኖርባቸው ባልታሰሩ። ስለዚህ ሁሉም ዋሾ ናቸው።»

«አንድም?»

«አንድም። ደጋግሜ ጠይቄያለሁ።»

ልዑሉ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። «አየህ ሚርዛ፣ ልፈታ ፈልጌ እንኳ የምፈታው ሰው አጣሁ። እንዲህ ያለ ገዥ በጥንት ዘመን ነበር? አንተ መጽሐፍ አንብበሃል፤ ንገረኝ።»

በዚህ ጊዜ የሚባለውን አውቃለሁ። «አልነበረም፣ ልዑልነትዎ» ነው የሚባለው፤ ከዚያ ይሰገዳል።

«ውሃው የዴህኖው ነው» አልኩ። «ልዑልነትዎ ነው የወሰዱት። ኢስፋንዲያር የታሰረው ይህን ስለተናገረ ነው። እውነት የነገረዎ እሱ ነው።»

የእንባ ሹሙ ከልማድ ብልቃጡን ወደ ልዑሉ ጉንጭ አስጠጋ። ልዑሉ ግን አፍጥጦ ያየኛል። ዓይኑ ደርቋል። ሹማምንቱም የጀመሩትን ልቅሶ የት እንደሚያቆሙ ጠፍቷቸው ነበር።

«በየትኛው ምጣኔ ነው?» አለ ልዑሉ በመጨረሻ።

«ግጥም አይደለም፣ ልዑልነትዎ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«የሆነ ነገር ነው።»

ዓይኑን አሸ። ጨመቀው። ወደ አቃ ባቂር ዞሮ «አይመጣም» አለ፤ ድምፁ ፈርቶ ነበር። «ባቂር፣ አይመጣልኝም!» ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ የዐይኑን ቆብ ገልብጦ አየና ደረቅ ንግግር የእንባን ሥር እንደሚያደርቅ፣ ሕመሙ እንዳይጠና ምክንያቱ ከታማሚው መራቅ እንዳለበት ተናገረ። ምክንያቱ እኔ ነኝ።

«ይውጣ!» ብሎ ጮኸ ልዑሉ። «እሱም ዘመዶቹም! ነገ ፀሐይ ሳይበረታ ከከተማዬ ይውጡልኝ! ድምፁን የሚመስል ድምፅ እንዳልሰማ!»

ስለ ኢስፋንዲያር ማንም ሌላ ቃል አልተናገረም። ስለ ውሃውም። ሕዝቡ ለልዑሉ ዓይን ጸሎት እንዲያደርግ ተነግሮት ተበተነ።

ቤት ስገባ ጎውሀር ዕቃ ታሥራለች። ትቆጣለች ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ጥቅልል ምንጣፍ አሸከመችኝ። «በዚያ በኩል ያዘው» አለችኝ። ከረጀብ ወዲህ ይህን ያህል ለስላሳ ቃል አልሰማሁም።

ኢስፋንዲያር ግን ነገ ይነዳል።

ሻዕባን 27

አህያው ሳይጫን ሻህቨርዲ መጣ። ከኋላው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ፊቱ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

«ሚርዛ፣ ተቸግሬያለሁ። አንድ ትእዛዝ ሰንሰለቱ ዛሬ ይሂድ ይላል። አንዱ ትእዛዝ የእርስዎ ዘመዶች ዛሬ ከከተማ ይውጡ ይላል። ያ ባለ ዳክዬው እስረኛ ትእዛዙን ሰምቶ ሌሊቱን በሙሉ ‹የሚርዛ ሚስት ወንድም ነኝ› እያለ ሲጮህ አደረ። ከሆነ ከእርስዎ ጋር ነው የሚወጣው፤ የልዑሉ ቃል የኋለኛው ነውና። ግን እርስዎ ሁለት ጊዜ ‹በሩቁ› ነው ያሉት፤ አቃ ባቂርም መዝግቦታል። ስለዚህ ከእርስዎ አፍ፣ በምስክር ፊት መስማት አለብኝ። ያስቡበት፤ የአመፀኛ ዘመድ ነኝ ማለት ለሚሄዱበት አገርም ይከተልዎታል።»

ጎውሀር ማሰሮ እንደያዘች ቆማለች።

«ወንድሜ ነው» አልኩ።

ሻህቨርዲ ወደ ምስክሮቹ ዞረ። አንደኛው ራሱን ነቀነቀ። ሁለተኛው እጁን ጆሮው ላይ ደግኖ «ምን አለ?» አለ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ ሻህቨርዲ። «በበዓል ማግስት የተገኘው ሁለተኛ ምስክር እሱ ብቻ ነው። ጆሮው ትንሽ ይከብደዋል።»

«ወንድሜ ነው!»

«ማነው?» አለ ሽማግሌው።

ጐረቤቶች በሮቻቸውን ከፈቱ። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ ወጣ። የእንባ ሹሙ እናት ከሰገነቷ ላይ አንገቷን አሰገገች። ዕድሜዬን ሙሉ ጮኼ አላውቅም፤ ለዚያ ነበር ጽሕፈት የተማርኩት። ደረቴን ነፍቼ ሰፈሩ እስኪሰማ፣ አህያው ጆሮውን እስኪጥል ጮኽኩ፦

«ኢስፋንዲያር ወንድሜ ነው!»

ሽማግሌው ፊቱ በራ። «ወንድሙ ነው» አለ ለሻህቨርዲ። «መጀመሪያውኑ እንዲህ ብሎ አይናገርም ነበር?»

ሻህቨርዲ በረጅሙ ተነፈሰና እስረኛውን ሊያመጣ ሄደ። እኔ ጉሮሮዬን እየያዝኩ ወደ ዕቃው ዞርኩ።

«አንድ ጊዜ ድገመው» አለች ጎውሀር።

«ሰማኮ፣ ሽማግሌው ሰምቷል።»

«አውቃለሁ» አለች።

ደገምኩት።